የአበልጆቹ ግድግዳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ግድግዳ እነግራችኋለሁ። ስለ ጭቃ ግድግዳ። "ቃል ልንሰማ መጥተን ስለ ጭቃ ይነግረናል እንዴ?" እንዳትሉኝ፣ ታገሡኝ። ነገሩን ከሰማሁ ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም፤ እናንተም አብራችሁኝ ደንግጡ።

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልጠራም። በአንዲት የደጋ ከተማ ጨርቅ ይሸጣል። ባለትዳር ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ጾም የማይገድፍ፣ ለጎረቤቱ ደራሽ፣ ሰውን የሚያስቀይም ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ይቺን "ሰውን የሚያስቀይም ቃል ከአፉ የማይወጣ" ያልኳትን ያዙልኝ። ኋላ እንፈልጋታለን።

ይህ ሰው የሚኖረው አባቱ በሠሩት ቤት ነው። የጭቃ ቤት ነው። ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ በማገር ተጠፍሮ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተመረገ ቤት። መቼም አታውቁትም አልላችሁም፤ ግማሻችሁ ከዚያው ወጥታችሁ ነው የመጣችሁት። አባት አርፈዋል። እናት አሉ፣ እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ቤቱ አርጅቷል፣ ልጆቹ ደግሞ በዝተዋል። ሰውየው "የፊቱን ግድግዳ በብሎኬት ልቀይር፣ ከጓሮ በኩል ማድ ቤት ልቀጥል፣ ቆርቆሮውንም ላድስ" ብሎ ተነሣ።

ቤት ማደስ ምን እንደሆነ የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ። ቤቱን አሳድሶ ሲጨርስ ከኮንትራክተሩ ጋር አሁንም ሰላም የሚባባል ሰው ካገኛችሁ አሳዩኝ፤ ሄጄ እባረክበታለሁ። ትስቃላችሁ? የሳቁት ያልሠሩት ናቸው። የሠሩትማ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ይህ ሰው ግን "እኔ ዕድለኛ ነኝ" አለ። ለምን? አበልጁ ኮንትራክተር ነው። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣለት ደመላሽ የሚባል ሰው፣ በከተማው ስንት ቤት የሠራ ባለሙያ ነው። ከአበልጅ በላይ ማን ይታመናል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደመላሽ ሌባ አይደለም። ሥራ የማይችልም አይደለም። በልባችሁ "ያው ሲሚንቶውን አሳስቶበት ይሆናል" እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። አላሳሳም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ባልደነገጥኩ ነበር።

ሥራው ሊጀመር ሲል አንድ ጎረቤት ሰውየውን መከረው። "ውል ተዋዋሉ። ምን እንደሚፈርስ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መሃል ላይ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ እንዴት እንደምትነጋገሩ ቀድማችሁ ተስማሙ" አለው። ሰውየው ተቆጣ። "በአበልጅ መካከል ምን ውል አለ?" አለ። ደመላሽም ሲሰማ "እኔና እሱ በማተብ የታሰርን ነን፤ ወረቀት ምን ሊጨምርልን?" አለ። ተቃቀፉ። ሥራው ተጀመረ። ያየ ሁሉ "እንዲህ ነው እንጂ መተማመን!" አለ።

ባለቤቱና ልጆቹ ሥራው እስኪያልቅ ወደ አማቶቹ ቤት ሄዱ። እማማ ጥሩወርቅ ግን አሻፈረኝ አሉ። "ባሌ ከሠራው ቤት ወጥቼ የሰው ቤት አላድርም" አሉ። ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው፣ የፊቱ እስኪሠራ ድረስ አልጋቸው ወደ ኋላው ክፍል ተዛወረ። የት ጋ ተደረገ? ከጓሮው ግድግዳ ሥር። ልብ አድርጉ፤ ከጓሮው ግድግዳ ሥር!

እንግዲህ ለማድ ቤቱ መሠረት ሊቆፈር ነው። የሚቆፈረው ያንኑ የጓሮውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ ደመላሽ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን እግር አየ። የቆሙት ባሕር ዛፎች ከላይ አሉ፣ ከሥር የሉም። ምስጥ ጨርሷቸዋል። ጣቱን ቢሰድበት እንጨቱ እንደ በሶ ተበተነ። ግድግዳው የቆመው በእንጨት አይደለም፤ ቆሞ ስለለመደ ነው የቆመው።

አሁን ደመላሽ ምን ማድረግ ነበረበት? ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ እናንተው ንገሩኝ። "አበልጄ፣ ና እይ። ይህ ግድግዳ አይሆንም። እማማን ዛሬውኑ እናውጣና እናፍርሰው" ማለት ነበረበት። በቃ፣ ይቺው ናት።

ደመላሽ ግን ቁጭ ብሎ አሰበ። "ይህን ብነግረው ምን ይለኛል? 'ደመላሽ አበልጅነቱን መከታ አድርጎ ሥራ እየፈጠረ ሊጫወትብኝ ነው' ይለኛል። ደግሞስ አባቱ በእጃቸው የሠሩትን ግድግዳ አፍርስ ልበለው? እናቱስ ምን ይላሉ?" አለ። አፉን ያዘው። ምን ያዘው? ይሉኝታ። ድጋፍ እንጨት አቆመበት፣ የተቆፈረውን አፈር መለስ አደረገበት፣ "ሰኞ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" አለ። ሰኞ መጣ። ሰኞ ሄደ።

ሰውየውስ? እሱ ደግሞ በየቀኑ ሱቁን ሲዘጋ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። አንድ ቀን ከአልጋቸው በላይ ቀና ብሎ ቢያይ ግድግዳው ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ቀጭን ናት። ሲመላለስ ሰፋች። በመጨረሻ ጣቱን ቢያስገባባት ገባች። ጣቱ ገባ እኮ ነው የምላችሁ!

ምን አደረገ? ደመላሽን ጠራው? አልጠራውም። "አበልጄን 'ይህ ምንድን ነው?' ብዬ ብጠይቀው 'አላመንከኝም ማለት ነው' ብሎ ይቀየመኛል። እሱ ባለሙያ ነው። የሚያሰጋ ቢሆን ይነግረኝ ነበር" አለ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ከሱቁ የግድግዳ ካላንደር አመጣና ስንጥቁ ላይ ሰቀለው። እናቱ እንዳይሰጉ ብሎ ነው፤ ራሱም ሲገባ ሲወጣ እንዳያየው ብሎ ነው።

ካላንደር! በእናቱ ራስጌ!

በዚያው ሰሞን ደመላሽ ደግሞ በልቡ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? "እሱ በየቀኑ ይመጣል፣ ግድግዳውን ያያል። ሐሳብ ቢገባው ይጠይቀኝ ነበር።" አንዱ "ቢያሰጋ ይነግረኝ ነበር" ይላል፣ ሌላው "ቢያሳስበው ይጠይቀኝ ነበር" ይላል። ሁለቱም በየልባቸው ይጸልያሉ፤ አላሾፍኩም፣ እውነት ይጸልዩ ነበር። "አምላኬ፣ ግድግዳውን ጠብቅልኝ" ይላሉ። አምላክ ምላስ ሰጥቷቸው ሳለ ግድግዳውን ደግፍልን ይሉታል።

አንድ ቀን ሲዘንብ አርፍዶ ቀትር ላይ አባራ። ሠራተኞቹ በፊት ለፊት በኩል ምሳቸውን ይበላሉ። ሰውየው ለእናቱ ምሳ ይዞ መጣ። ደመላሽ ደጁ ላይ ተቀበለው። የተባባሉትን ቃል በቃል ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ነግረውኛልና።

"አበልጄ፣ ሥራው እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው። ባንተ በኩልስ ቅር ያለህ ነገር አለ?"

"ኧረ እኔን ምን ቅር ይለኛል! እጅህ ይባረክ እንጂ!"

"አሜን" ሳይባል ግድግዳው ወደቀ።

የጭቃ ግድግዳ ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ነው አንዴ የሚርገፈገፈው። ከዚያ አቧራ፤ ከዚያ ዝምታ። ሰውየው የያዘውን ምሳ ጥሎ ሮጠ። ደመላሽ ቀድሞት ሮጠ። ሠራተኞቹ የጎረሱትን ሳይውጡ ሮጡ። አልጋው የለም። አልጋው የነበረበት ቦታ የጭቃና የማገር ክምር ነው።

"እማዬ! እማዬ!"

መልስ የለም። በአካፋ እንዳይቆፍሩ ሰውነታቸውን እንዳይመታው ፈሩ። በእጃቸው ቧጠጡ። ጥፍራቸው እስኪነቀል ቧጠጡ። ደመላሽ "እማማ! በማርያም ድምፅ ያሰሙን!" እያለ ይጮሃል። ልጃቸው መጮኹን ትቶታል፤ ዝም ብሎ ይቧጥጣል። የብረት አልጋው ራስጌ አንዱን ወፍራም እንጨት ይዞት ነበርና ከእሱ ሥር መጀመሪያ እጅ ታየ። ጭቃ የለበሰ እጅ። እጁ ተንቀሳቀሰ።

ወጡ፤ እማማ ጥሩወርቅ ከነነፍሳቸው ወጡ። እግራቸው ተሰብሯል፣ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል። ልጃቸው ደረቱ ላይ አስደግፏቸው፣ ደመላሽ ውኃ እያጠጣቸው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ምን ይመስላችኋል? "እግሬን" አላሉም። "እግዚኦ" አላሉም። እንዲህ ነበር ያሉት፦

"እኔስ ሰምቼው ነበር።"

"ምኑን ነው የሰማሽው እማዬ?"

"ግድግዳውን። ቀጭ ቀጭ ሲል ነው የሚያድረው። አፈሩም ትራሴ ላይ ይራገፋል። ጠዋት ጠዋት ጠርጌ እደፋው ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህ አበልጅህን ትቆጣዋለህ። እሱም ይቀየማል። በእኔ ምክንያት ከምትጣሉ፣ ልጁም ያለ ክርስትና አባት ከሚቀር፣ ሆዴ ይቻለው ብዬ ነዋ።"

ልጃቸው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። "እማዬ፣ እኔም አይቼው ነበር" አለ። "ስንጥቁን አይቼ ነው ካላንደሩን የሰቀልኩት።"

ይህን ጊዜ ደመላሽ በጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። "እኔም አውቅ ነበር" አለ። "ስንቆፍር ያየሁት ነው። እግሩን ምስጥ ጨርሶት አይቼ አፈር መለስኩበት።"

ሰማችሁ ወይ? ሦስቱም ያውቁ ነበር! አንዱ በዓይኑ አይቷል፣ አንዱ በጣቱ ነክቷል፣ አንዷ በጆሮዋ ሰምታለች። የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ በዚያው ዕለት እማማን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ፣ ይህን ከሦስቱም አፍ ሰማሁ። ላጽናና ሄጄ ወንበር ይዤ ቀረሁ። አንድ ቃል እኮ ነው! "ተሰንጥቋል" የምትል አንዲት ቃል! ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ ሰውን ታስቀይማለች ተብላ ከአፉ ያልወጣችው ቃል ይቺው ናት። ያቺን ቃል ቢያወጧት የሚመጣው ቢበዛ የአንድ ቀን ኩርፊያ ነው። ያቺን ኩርፊያ ፈርተው ሦስቱም ግድግዳውን በእማማ ላይ ጣሉት።

"ዝም አይነቅዝም" ትላላችሁ አይደል? ነቀዘ እኮ! ይኸው ነቅዞ ወደቀ!

አንዳንዶቻችሁ "ቢዋደዱ ነው እንጂ፣ ቢተሳሰቡ ነው" ልትሉኝ ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ደግሜ ሳስበው ግን ፍቅር ሆኖ አላገኘሁትም። ፍቅር ቢሆን አልጋውን ከግድግዳው ሥር ያነሣው ነበር። ያ ፍርሃት ነው፤ የፍቅር ልብስ የለበሰ ፍርሃት ነው። እኛ ደግሞ ስም አውጥተን ይሉኝታ ብለነዋል፤ ጨዋነት ብለነዋል፤ ልጆቻችንንም አስተምረነዋል።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም።

ሰፈሩ ሁሉ "አሁን ይካሰሳሉ" ብሎ ጠበቀ። ሁለቱ አበልጆች ግን ከመካሰስ ይልቅ ተፋፈሩ። አንዱ ሆስፒታል ሲመጣ ሌላው በሌላ በር ይወጣል። ያፈረሳቸው ዝምታ ተመልሶ መጣ። ይህን ያዩት እማማ ጥሩወርቅ እግራቸው ጀሶ ውስጥ እንዳለ ሁለቱንም አስጠሩ።

"ደመላሽ፣ ቤቱን አንተው ትሠራዋለህ" አሉ።

"እማማ፣ እኔ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ..."

"ዝም በል! አይ፣ ዝም አትበል። ዝም ማለትህ ነው ለዚህ ያበቃኝ። ቤቱን ትሠራዋለህ፤ ግን መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ የሚሠራውንና የማይሠራውን ተስማሙና ጻፉ። ከዚያ በየቀኑ ሠራተኛ ከመበተኑ በፊት ሁለታችሁ ሥራው ፊት ትቆማላችሁ። 'ያልነገርከኝ ምን አለ?' ተባብላችሁ ትጠያየቃላችሁ። የተነገረው አይቆጣም። ከተቆጣም ተቆጥቶ ይመለሳል እንጂ አይሄድም። በዚህ ካልተስማማችሁ እኔ እዚሁ ሆስፒታል እሞታለሁ እንጂ ቤት አልገባም።"

እንዲህ ያሉ እናት ናቸው!

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ሥራው ፊት ቆመው አፈሩ። እንደ አዲስ ሙሽሮች መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ሰውየው ጉሮሮውን ጠራርጎ "በሩ... ጠቦብኛል" አለ። ደመላሽ መለካት ጀመረ፤ እውነትም ጠቧል። እሱ በተራው "አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ሠራተኞቼን በቀጥታ ታዛለህ። እኔ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፣ አንተ ሌላ ትነግራቸዋለህ። የማንን ይስሙ? የፈለግኸውን ለእኔ ንገረኝ" አለው። ሰውየው ቀላ። ሊቆጣ ነበር፤ የእናቱ ጀሶ ትዝ ሲለው ተወው።

ተጣልተው አያውቁም ብላችሁ እንዳትወጡ። ተጣሉ እንጂ! በመስኮቱ ተጣሉ፣ በጣሪያው ተዳፋት ተጣሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ የተጯጯሁበት ቀን አለ። በማግሥቱ ግን ሁለቱም እዚያው ቆመው "ያልነገርከኝ ምን አለ?" ተባባሉ። የመሠረቱን ቁፋሮ ደመላሽ አስጠርቶ አሳየው። ምስጥ እንዳይደርስበት ምን እንዳደረገ አሳየው። ያልገባውን ሰውየው ሁለቴ ሦስቴ ጠየቀ። ማንም "አላመንከኝም" አላለም። መተማመን ማለት አለመጠየቅ ሳይሆን ጠይቆ አለመቀያየም መሆኑን ሁለት የልጆች አባቶች በስተርጅና ተማሩ።

ቤቱ አለቀ። እማማ ጥሩወርቅ በምርኩዝ ገቡ። እኔም ጠበል ልረጭ ተጠርቼ ነበርና በዓይኔ ያየሁት ነው። ሰው ሁሉ አዲሱን ሳሎን ያደንቃል። እሳቸው ለሳሎኑ ዞር ብለው አላዩም። በቀጥታ ወደ ኋላ ክፍል ሄዱ። ከአልጋቸው በላይ ያለውን አዲስ ግድግዳ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ደመላሽ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው።

"ምን ይላል እማማ?" አላቸው።

"ዝም ብሏል" አሉ። "ግድግዳ ዝም ሲል ነው ደግ። ዝም ማለቱን ለእሱ ተዉለት። እናንተ ግን ዝም እንዳትሉብኝ።"

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ካላንደር የሰቀላችሁበት ስንጥቅ የት ጋ ነው?

አንቺ እኅቴ፣ ባልሽ ሲገባ የሚሸትሽን ሽታ ስንት ጊዜ ዝም አልሽው? "ነገር ከማነሣ" ብለሽ ስንት ጊዜ ጠርገሽ ደፋሽው? አንተ ወንድሜ፣ ልጅህ ፊቱ ከጠቆረ፣ ክፍሉን ዘግቶ መዋል ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? አይተሃል። ጣትህን አስገብተህ ለክተሃል። "ዕድሜው ነው" ብለህ ካላንደር ሰቀልክበት። በማኅበር፣ በእድር፣ በሰበካ ያላችሁ፣ ምስጥ የበላውን አይታችሁ አፈር የመለሳችሁበት የለም? እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። የሚያስደነግጠው እሱ ነው፤ ታውቃላችሁ! ቤት ሲፈርስ "ድንገት ነው የሆነብን" እንላለን። ምን ድንገት አለ? ቀጭ ቀጭ ሲል ከርሟል።

ሌላም ልበላችሁ። ደመላሽ ለምን ፈራ? እውነት የነገረንን ሁሉ "ጥቅም ፈልጎ ነው" ማለት ስለለመድን ነው። የተናገረን ሰው እናኮርፋለን፣ ከዚያ "ማንም አልነገረኝም" ብለን እናለቅሳለን። ስለዚህ መናገር የሚያስፈራችሁ ብቻ ሳትሆኑ፣ ስትነገሩ የምትቆጡትም ይህን ግድግዳ ጥላችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ቅጠሉን የያዘውን ሰው እጁን ካልመታነው ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን ፊት ለፊት ይየውና "ያልነገርከኝ ምን አለ?" ይበል። ከዚያ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። ያማል። ግን ካላንደሩን አንሡት። ከሥሩ እንደ እማማ የተኛ ሰው አለ።

ግድግዳው ቀድሞን ሳይናገር፣ እኛ ቀድመን እንድንናገር አምላክ አፋችንን ይክፈትልን፤ የሚነገረንንም እንድንሰማ ጆሯችንን ያለዝብልን።